ከማን ጋር ነው የምታወሪው?

ጡረታ ማንም አላወጣኝም፤ ራሴን በራሴ ነው ያወጣሁት። ደቡብ አፍሪካ፣ ጀፕ የሚባለው የሐበሻ ገበያ መንገድ ላይ፣ አሳንሰሩ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት በሚበዛ ሕንፃ ውስጥ የነበረችኝን የኮምፒውተር መጠገኛ ክፍል ባለፈው ወር ለቀቅኩ። አሁን ብርድ ልብስና መጋረጃ ይሸጥባታል። የአገሬ ልጆች ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ ለቅሶ ቤት የመጡ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አይዞህ ጋሽ ታዴ» ይሉኛል። ስሜ ታደሰ ነው፤ ታዴ ያሉኝ እነሱ ናቸው። ምኑን እንደሚያጽናኑኝ ግን አይገባኝም። እኔ እኮ የሥራ ዘመኔን በሙሉ ስጫወት ነው የኖርኩት።

ዓይኔ ደክሟል፤ ቀጭን ሽቦ ለመበየድ መነጽር ላይ መነጽር መደረብ ጀምሬ ነበር። ሰዉም ሁሉ ነገሩን በስልኩ ስለሚጨርስ፣ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ተሸክሞ ያን ሁሉ ደረጃ የሚወጣ ደንበኛ እየሳሳ ሄደ። ቫይረስ አጽድቻለሁ፣ ፕሪንተር ጠግኛለሁ፣ ሻይ የፈሰሰበት ኪቦርድ አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቻለሁ። እውነተኛ ሥራዬ ግን ድምፅ ነበር። «እኔ እሰማቸዋለሁ፣ እነሱ ግን አይሰሙኝም» ወይም «ሳወራ ንብ ይገባበታል» የሚል ደንበኛ በሩ ላይ ሲቆም ልቤ ትዘላለች። አሁንም ቢመጣ ትዘላለች።

ደቡብ አፍሪካ ስገባ እንደ ብዙዎቻችን የጀመርኩት ሎኬሽን በሚሉት ከከተማ ወጣ ያለ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ነው። ዳቬይተን ላይ ብርድ ልብስ ተሸክሜ በር ለበር እየዞርኩ እሸጥ ነበር። ሻጭነት ግን አልተፈጠረልኝም። የደንበኛ ቤት ገብቼ የሚንጫጫ ሬዲዮ ከሰማሁ ብርድ ልብሱን ረስቼ ሬዲዮውን ስፈታ እገኛለሁ። ናዝሬት ሳለሁም እንዲሁ ነበርኩ፤ እናቴ የገዛችውን ቴፕ ሳላበላሽ ያሳደርኩበት ሳምንት የለም። የመኖሪያ ወረቀት ነገርማ፣ ያን ሰልፍ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያልቆመ ቢነገረውም አያምንምና ልዝለለው።

ከብርድ ልብሱ ያወጡኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። ዱርንፎንቴን ላይ ኢንተርኔት ቤት ነበራቸው፤ በጣውላ የተከፋፈሉ ጠባብ ክፍሎች፣ በየክፍሉ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሄድሴት። ቅዳሜና እሑድ የሎኬሽን ሱቅ ያለው ሁሉ አገር ቤት ለመደወል ይመጣል። ቤቱ ገበያ ነበር። በየጣውላው ሥር «ሃሎ! ይሰማል?» የማይል የለም። እትዬ ዘነበች ቸር፣ ፈጣንና ትዕግሥት የሌላቸው ሴት ነበሩ፤ ለደንበኛው ሁሉ መድኃኒታቸው አንድ ነው፣ «ጩህ፣ ምን አፍህን ትጠብቃለህ» ይሉታል። ሁሉም ሲጮህ የአንዱ ጩኸት በሌላው ማይክራፎን ይገባል፣ ያም የባሰ ይጮኻል። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት እየሮጥኩ ነበር የምገባው፤ እዚያ ጋሽ ሰይፉ ነበሩና።

ጋሽ ሰይፉ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ያረጁ። ቀጭን፣ በበጋም ኮት የማያወልቁ፣ ቀልዳቸውን ፊታቸው ሳይፈታ የሚናገሩ። ኮምፒውተር ለእሳቸው ወሬ የበዛበት ሬዲዮ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ እጃቸውን ታጥበው በፎጣ ያደርቃሉ። ቀጥለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰውየውን እንዲናገር ይጠይቁታል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማለት ግን በእሳቸው ፊት ክልክል ነው። ሰው ቁጥር ሲቆጥር ድምፁ የሰልፍ ድምፅ ይሆናል፤ ይጮኻል፣ ይደርቃል። እንዲህ ተፈትሾ «ደኅና ነው» የተባለ ማይክራፎን ማታ ቤት ገብቶ ሰውየው እንደ ወትሮው ሲያወራ ድምፅ ያንሳል። ስለዚህ «ዛሬ ምሳ ምን በላህ?» ይሉታል። ሰው ስለ በላው ሲያወራ ድምፁ የራሱ ይሆናል። ይህን ያየሁ ቀን ሥራ የሚባለው ነገር እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ገባኝ።

ሌላም ጥያቄ ነበራቸው። ምሳውን ከጠየቁ በኋላ፣ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ይላሉ። ከሚስቴ፣ ከእናቴ፣ ከደላላ፣ ከፓስተሬ፣ ሁሉም መልሱን ይሰጣል። ጋሽ ሰይፉ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ማስተካከያውን ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ያደርጉታል። እትዬ ዘነበች «ሰይፉ የሰው ጓዳ ይወዳል» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እኔም ከእሳቸው ጋር እስቅ ነበር፤ የሽምግልና ወሬኝነት ነው ብዬ ንቄ አለፍኩት። የምሳውን ጥያቄ ወረስኩ፣ ይህኛውን ተውኩት።

የድምፅ ማነስን የሚመረምሩበት መንገድ ከአፍ ተነሥቶ ወደ ማሽኑ በእግር እንደ መሄድ ነው። አፍ፣ ቀጥሎ የማይክራፎኑ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ ሽቦው፣ ቀጥሎ መሰኪያው፣ መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ማስተካከያ። ችኩል ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል፤ እኔም እጀምር ነበር። አንድ ቀን ለግማሽ ቀን ማስተካከያውን ስጎረጉር ቆይቼ ተስፋ ስቆርጥ፣ ጋሽ ሰይፉ ሄድሴቱን አንሥተው በጥፍራቸው ትንሽ ጥቁር ፕላስተር ከማይክራፎኑ ላይ ላጡ። ባለቤቱ ቀዳዳዋ ካሜራ መስላው፣ ሰው እንዳያየው ደፍኗት ኖሯል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ማይክራፎኑ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የራሱን ሮዟን ቀዳዳ ትቶ ሰማያዊዋ ውስጥ ተሰክቶ እናገኘዋለን፤ ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው ይሆናል። ወደ ሮዟ ሲዛወር ሰውየው በድንገት ክፍሉ ውስጥ ይገባል። ያቺን ቅጽበት ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፣ አንድም ቀን አልሰለቸችኝም።

ድምፁን ማሳደጊያውን፣ ቡስት የሚባለውን፣ ጋሽ ሰይፉ በርበሬ ይሉት ነበር። ትንሽ ሲደረግ ያጣፍጣል፣ ሲበዛ ወጡ ራሱ ይጠፋል። ቡስት ድምፅህን ብቻ መርጦ አያሳድግም፤ የክፍሉን እስትንፋስ፣ የማራገቢያውን ንፋስ፣ የጎረቤቱን ሳል አብሮ ያሳድጋል። ሽሽሽ የሚል ድምፅ ከሰማህ በርበሬው በዝቷል። ጭርር ጭርር ካለ ሽቦው የሆነ ቦታ ተበጥሷል ወይም መሰኪያው ላልቷል። ጥዝዝ የሚል፣ ሳይቋረጥ የሚያዝን ድምፅ ከሆነ ግን ነገሩ ከኤሌክትሪኩ ነው። እዚህ አገር ስፒናው ሦስት ወፍራም እግር አለው፤ ትልቁ እግር ወደ መሬት የሚወስደው ነው። የእኛ ሰው ግን ባለ ሁለት እግር ማቀያየሪያ ላይ ማከፋፈያ፣ ማከፋፈያው ላይ ሌላ ማከፋፈያ ይሰካል፤ ሦስተኛው እግር መንገድ ላይ ይቀራል። መፈተሻው ደግሞ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ። ጥዝታው እየተሰማ መዳፍህን የኮምፒውተሩ ቆርቆሮ ላይ ታሳርፋለህ። ዝም ካለ መሬት ጎድሎታል፤ ለዚያች ደቂቃ መሬቱ አንተ ነህ። መጀመሪያ ጊዜ በእጄ ሥር ዝም ሲልልኝ ከወንበሬ ተነሥቼ ጨፍሬያለሁ። እትዬ ዘነበች ኤሌክትሪክ የያዘኝ መስሏቸው ቆጣሪውን ሊያጠፉ ሮጡ።

ኋላ ኢንተርኔት ቤቱ ተዘጋ፤ እትዬ ዘነበች ወደ ልጆቻቸው ሄዱ፣ ጋሽ ሰይፉ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራ ትተው ዱርንፎንቴን ክፍላቸው ውስጥ ተቀመጡ። እኔ ጀፕ ላይ የራሴን ክፍል ተከራየሁ። ስሜም ወጣ። ከየሎኬሽኑ ዕቃ ሊያወጣ የመጣ ባለ ሱቅ ታክሲው እስኪሞላ ድረስ ኮምፒውተሩን እኔ ዘንድ ጣል ያደርጋል። አንድ ፓስተር ስብከታቸውን የሚቀዱበት ውድ ማይክራፎን ይዘው መጥተው፣ ድምፃቸው ከሩቅ እንደሚመጣ ነገሩኝ። እንዲናገሩ አደረግኋቸው። ከጀርባው በኩል ነበር የሚናገሩት። ዞር አደረግሁት። «ታዲያ እስከዛሬ ለማን ስሰብክ ነበር?» ብለው ተገረሙ። አብረን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ እንባቸውን ጠርገው ባርከውኝ ሄዱ።

እንዲህ ስሜ በወጣበት ጊዜ ነው ደሳለኝ የመጣው። ደሳለኝ የሆሳዕና አካባቢ ልጅ ነው፤ ዳቬይተን ላይ ከሚስቱ ከመሠረት ጋር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። ፊቱ ተጨንቋል፣ እንደ ሌላው ጊዜ አልቀለደም። ነገሩን እንደዚህ አስረዳኝ። መሠረትን ያገባት እዚሁ፣ ቸርች ውስጥ፣ አባቱን ሳያስፈቅድ ነው። አባቱ ከዚያ ወዲህ «ምራት የለኝም» ብለው ቀርተዋል። አሁን መሠረት አርግዛለች። ልጇ አያት የሌለው ሆኖ እንዳይወለድ ቀንና ሌሊት ትጸልያለች። በብዙ ልመና ሽማግሌዎች አባትየውን አግባብተው፣ በኮምፒውተር ፊት ለፊት ሆነው አንድ ጥያቄ ብቻ ሊጠይቋት ፈቅደዋል፤ ከመለሰች ይመርቋታል። ዳቬይተን ያለ ዘመድ ሁሉ በትልቅ ስክሪን ሊያይ ስለሆነ ስልክ አይበቃም። ችግሩ ሱቃቸው ጀርባ ያለው ኮምፒውተር ድምፅ ያንሳል፣ ያለችውም በጥዝታ ተውጣለች። የአባትየውን ስም እዚህ አልጽፍም። መሠረት ይህን ማንበቧ አይቀርም፤ ለምን እንዳልጻፍኩትም ትረዳለች።

ከደሳለኝ ጋር ዳቬይተን ወረድኩ። የደስታዬን ነገር አልደብቅም፤ ያለኝን የመፈተሻ ዕቃ ሁሉ ይዤ ነበር የሄድኩት። ሱቃቸው የጎጎ ኖምሳ ግቢ ውስጥ ነው፤ ጎጎ የሚሏቸው አያት ለማለት ነው። ጎጎ ኖምሳ የግቢው ባለቤት፣ ከአጥር ውጪ ያለ ሰው ሁሉ የሚፈራቸው ዙሉ አሮጊት ናቸው፤ ገና ስገባ ደሳለኝን እያሳዩ «ማሉሜ፣ ያ ልጅ ዛሬ ደኅና አልበላም፣ ቶሎ ጨርስለት» አሉኝ፤ ማሉሜ አጎቴ ማለት ነው። ጓዳው ውስጥ ኮምፒውተሩ የተሰካው ከበረዶና ከአይስክሬም ፍሪጁ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ነው፤ ያውም በባለ ሁለት እግር ማቀያየሪያ። መዳፌን ቆርቆሮው ላይ አሳረፍኩ፤ ጥዝታው ግማሹ ዝም አለ። ከዚህ በላይ ምን ልበል? ስፒናውን ቀየርኩ፣ ኮምፒውተሩን ለብቻው ሶኬት ሰጠሁት፣ የላላውን የፊት ቀዳዳ ትቼ ማይክራፎኑን በጀርባ ሰካሁ። የቀረችው ከፍሪጁ ሞተር በአየር የምትመጣ ጉምጉምታ ነበረች። ለእሷም ጥዝታ የሚያጣራ ፕሮግራም ጫንኩ። ይህ ፕሮግራም እንደ በረኛ ነው፤ ከተወሰነ መስመር በታች ያለውን ድምፅ ሁሉ ጥዝታ ነው ብሎ በሩን ይዘጋበታል፣ ከመስመሩ በላይ የሆነውን ያስገባል።

አሁን መፈተሽ ነው። መሠረትን ከባንኮኒው ጠራኋት። ቀይ፣ ሳቂታ፣ ድምፀ ጎላ ሴት ናት። በሱቁ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆና ስትሸጥ ከመንገዱ ማዶ ትሰማለች፤ ሽማግሌ ደንበኛ ሲመጣ «ሳውቦና ባባ!» የምትለው ነገር አላት፣ ሰፈሩ እሷን ሲያስመስል በዚያ ነው። ምሳ ምን እንደበላች ጠየቅኋት። ስለ ምሳዋ እየሳቀች ነገረችኝ፤ መሃል ላይ ደንበኛ መጣና ከወንበሯ ሳትነሣ «ሳውቦና ባባ!» አለችው። ስክሪኑ ላይ ድምፅ የሚለካው መስመር እስከ ላይ ወጣ። ድምፁ ጥርት ያለ ሆነ፤ ፍሪጁ የለም፣ መንገዱ የለም፣ መሠረት ብቻ። በረኛውን ጠበቅ አደረግሁት። ደሳለኝ አቀፈኝ። እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

እሑድ ከቸርች በኋላ ዘመድ ሁሉ ጓዳው ውስጥ ተጠቅጥቆ ተቀመጠ። እኔ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ነኝ። በስክሪኑ ላይ ሽማግሌዎቹ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ መሃል ላይ አባትየው፣ ትልቅ ሰው፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። በቋንቋቸው ስለሚነጋገሩ ደሳለኝ በጆሮዬ ይተረጉምልኛል። ብዙ ከተባለ በኋላ አባትየው ጥያቄያቸውን ጠየቁ። «አባት አድርገሽ ተቀብለሽኛል ወይ?» ነው ያሉት።

መሠረት ነጠላዋን አፏ ላይ ስባ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ መለሰች። እኔ ከጎኗ ሆኜ ያቺን ድምፅ በጭንቅ ሰማኋት። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ግን አልተነቃነቀም። በረኛው ጥዝታ ነው ብሎ ዘግቶባታል። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። አባትየው ደግመው ጠየቁ፣ እሷም ደግማ መለሰች፤ አሁንም ምንም የለም። ደነገጥኩ። ጋሽ ሰይፉ ያስተማሩኝን ሁሉ ረስቼ ቡስቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት። የስፒከሩ ድምፅ በማይክራፎኑ ተመልሶ ገባ፤ ያ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ጓዳውን ሞላው፣ በኢንተርኔት አልፎ ሆሳዕና ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ያዙ። አባትየው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ተነሡ። ደሳለኝ መተርጎሙን አቆመ፤ አባቱ ያሉትን ኋላ ነው የነገረኝ። «መጀመሪያ ዝም አለችኝ፣ ከዚያ ጮኸችብኝ» ነበር ያሉት። ስክሪኑ ጠፋ።

መሠረት አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣጥፋ ወደ ባንኮኒው ሄደች። ደሳለኝ ዕቃዬን አንድ በአንድ ሰብስቦ አቀበለኝ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ጀፕ የሚመልሰኝ ታክሲ ውስጥ ሆኜ መንገዱ አላልቅ አለኝ። የማላውቀው ብልሽት ስለሆነ አልነበረም ያቃጠለኝ። ሁሉም ነገር በትክክል ይሠራ ስለነበረ ነው።

በማግስቱ ዱርንፎንቴን ሄድኩ። ጋሽ ሰይፉ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ስጨርስ፣ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው ብለህ ጠይቀሃታል?» አሉኝ።

«ከአማቷ ጋር እንደሆነማ ደሳለኝ ነግሮኛል» አልኩ።

«እሱ ነገረህ። እሷን ጠይቀሃታል ወይ? ሰው እኮ አንድ ድምፅ ብቻ የለውም፣ ታደሰ። ለሚስቱ አንድ አለው፣ ለባለዕዳው አንድ አለው፣ ለእናቱ ሌላ አለው። አንተ የለካኸው ለደንበኛዋ ያላትን ነው።»

የሰው ጓዳ ይወዳሉ ብዬ የሳቅሁበት ጥያቄ ይህ ነበር። በእውነት ልንገራችሁ፣ በዚያ ሁሉ ሐዘኔ መሃል ልቤ ዘለለች። ብልሽቱን አገኘሁት ማለት ነውና። እጃቸውን ስሜ በሩጫ ወጣሁ።

ዳቬይተን ደርሼ መሠረትን ጠየቅኋት። ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። በእነሱ ዘንድ ምራት ባማቷ ፊት ድምፅ አታሰማም። ስማቸውን አትጠራም፤ ያ ብቻ አይደለም፣ የስማቸው መነሻ ያለበትን ቃል እንኳ በሌላ ቃል ትተካዋለች። በርቀትም ቢሆን፣ በኮምፒውተርም ቢሆን ያው ነው። «ጮክ ብዬ ብመልስላቸው ኖሮ ያኔ ነበር የምሰድባቸው» አለችኝ። እሷ እንኳ ለክብራቸው ስትል የሹክሹክታ ያህል ተናገረች፤ የእኔ በረኛ ያንኑ ክብር ጥዝታ ነው ብሎ መለሰው። ከናዝሬት የመጣሁ ሰው ይህን ከየት ልወቀው? መጠየቅ ግን እችል ነበር።

አባትየው ሁለተኛ ለመቀመጥ እምቢ አሉ። ማሽን ነው የጮኸው ቢሏቸው፣ ማሽን ሰው አይሳደብም አሉ። በመጨረሻ እኔ ራሴ ለደሳለኝ አጎት ደወልኩና የሆነውን አንድ በአንድ አስረዳሁ፤ መልሳለች፣ ያልሰማችሁት ዝቅ ብላ ስለመለሰች ነው አልኳቸው። አጎትየው ያቺን አንዲት ነገር ይዘው ሄዱ። አባትየው «ዝቅ ብላ?» ብለው ደግመው ጠየቁ አሉ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ሰብስቡልኝ አሉ።

ለሁለተኛው ጊዜ የሠራሁትን ሥራ ዛሬም ሳስበው እጄን ይበላኛል። በረኛውን አባረርኩት። የጠረጴዛውን ማይክራፎን ትቼ ትንሿን የኮት ማይክራፎን በመሠረት ነጠላ ጫፍ ውስጥ፣ ከአፏ ሥር አያያዝኩ። ስፒከሩን ወደ በሩ ወስጄ ፊቱን አዞርኩት፣ ተመልሶ እንዳይጮህ። ቡስት በልኩ ብቻ። ሹክሹክታ በመጨመር አይሰማም፤ ዓለምን ዝም በማሰኘት ነው። ፍሪጁን ነቀልኩት። ሌላ ቀን ሎድሸዲንግ፣ መብራት በፈረቃ የሚያጠፉበት ነገር፣ ሳንጠራው እየመጣ ያጠፋልን ነበር፤ የዚያን ቀን ግን መብራቱ ሞልቶ ነበር። ደሳለኝ ሱቁን ዘጋ። ጎጎ ኖምሳ ነገሩ ሲነገራቸው ወንበራቸውን አውጥተው መንገዱ ዳር ተቀመጡ፤ ታክሲ ጥሩንባ ሊነፋ ሲል ጣታቸውን ያነሣሉ፣ ሾፌሩ ይተወዋል። ከዚያ መሠረትን ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ጠየቅኋት። «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጣለች። በዚያው ድምፅ «ከአባቴ ጋር» አለች። በጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ እስትንፋሷ ሳይቀር ገባ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አባትየው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። መሠረት መለሰች። መስመሩ ትንሽ ተነቃነቀ። በእነሱ በኩል ግን ዶሮ ይጮኻል፣ ሰው ያወራል። አንዱ ሽማግሌ ከፍ አድርገሽ ተናገሪ ሊሏት አፋቸውን ከፈቱ። አባትየው እጃቸውን አነሡ። ደሳለኝ በጆሮዬ ተረጎመልኝ፤ «እሷ አትጩህ፤ እኛ ዝም እንበል» ነው ያሉት። ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። ጆሯቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉ፤ ስክሪናችን ላይ የሚታየው ጆሯቸውና የነጣ ጸጉራቸው ብቻ ሆነ። መሠረት ደገመችው። ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ።

«ሰማሁ» አሉ።

ምርቃቱ ተጀመረ። አንዱ ሽማግሌ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፤ እኛም አሜን እንላለን። የእነሱ ምርቃት ችኮላ አያውቅም። ፍሪጁ ሥር ውሃ መንጣለል ሲጀምር አየሁ፤ አይስክሬሙ ሁሉ እየቀለጠ ነበር። ለደሳለኝ በዓይኔ ጠቆምኩት። በእጁ ተወው አለኝ፤ አይስክሬሙን በጓሮ በር ለጎጎ ኖምሳ አሳለፈላቸውና እሳቸው ለሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ማደል ያዙ። ከግቢው ውጪ ያ ሁሉ ልጅ ትንፍሽ ሳይል አይስክሬም ይልሳል።

ምርቃቱ ሲያልቅ አባትየው ልጃቸውን አንድ ነገር ጠየቁት። መሠረት ሱቅ ውስጥም እንዲህ ነው ወይ የምትናገረው ነበር ያሉት። ደሳለኝ ሳቀ፤ «ሱቅ ውስጥማ ሎኬሽኑ በሙሉ ይሰማታል» አላቸው። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። አባትየው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «እንግዲያው ፈቅጄላታለሁ። የሱቋን ድምፅ አንድ ጊዜ ታሰማኝ» አሉ።

መሠረት ወደ ባሏ አየች። ነጠላዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስክሪኑ ቀና አለች። እኔ የማይክራፎኗን ነገር አላሰብኩም፤ ለሹክሹክታ የተስተካከለች ማይክራፎን ናት። መሠረት ደግሞ በፍርግርጉ ውስጥ የምታወጣውን ያን ድምፅ ሳትቆጥብ አወጣችው።

«ሳውቦና ባባ!»

መስመሩ ቀይ ሆነ። ድምፁ ተቀደደ፤ ሆሳዕና ያሉት ሽማግሌዎች ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። አባትየው ግን አልተነቃነቁም። ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቁ። ደሳለኝ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እዚህ አገር ቋንቋ «ጤና ይስጥልኝ አባቴ» ማለት ነው አላቸው።

አባትየው ከዘራቸውን አነሡ፣ መልሰው አጋደሙት። እጄ ቡስቱን ለመቀነስ ወደ ማስተካከያው ሄዶ ነበር።

«ድገሚው በላት» አሉት ልጃቸውን።

እጄን መለስኩ። እንደተቀደደ ይሂድ አልኩ።